ከጅዳ የመጣው ወርቃማ ሪል

«ያዢው! በሁለት እጅሽ ያዢው!» አለ መሀመድአወል።

ጁሀራ በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ ዕቃው ግን እጆቿን ይዞ ጉልበቷ ላይ ዘጭ አለ። ሳሎኑን የሞላው ሰው ሳቀ። ወርቃማ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ሁለት ኪሎ ስኳር ያህል ይከብዳል። ጎኑ ላይ ወፍራም እጀታ አለው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ በግ ለማሰር የሚበቃ ክር ተጠምጥሞበታል። የዓሣ ማጥመጃ ሪል ነው፤ ክሩን የሚለቀውና መልሶ የሚጠቀልለው ማሽን።

ጁሀራ ለሪል ስትል ያላደረገችው ዱዓ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻያ ወንዝ ላይ ያጠመደችው የወተት ቆርቆሮ ላይ በጠቀለለችው ናይለን ነው። መንጠቆውን አሽከርክራ ትወረውራለች፣ ዓሣው ሲይዝ በእጇ ትጎትታለች፣ ናይለኑ ጣቷን ይቆርጣታል። እንዲያም ሆኖ ከስምንተኛ ክፍል ልጆች እንደሷ የሚያጠምድ የለም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ ልጆቹም ያውቃሉ። ከድልድዩ በላይ ካለው ጥልቅ ቦታ ግን ትራውት የሚሉት አንድ ትልቅ ዓሣ ሁለቴ በጥሶባት ሄዷል። እሱን ለማውጣት ክሩን በልክ የሚለቅ ፍሬን ያስፈልጋል፤ ፍሬን ያለው ደግሞ ሪል ላይ ነው።

መሀመድአወል የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ በኦሮምኛ «አቡያ» ትለዋለች። ስድስት ዓመት ጅዳ ሠርቶ ሮቤ ከተመለሰ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ሻንጣው ትንሽ ነበረች። ለእናቷ ሻርፕ፣ ለአባቷ ሽቶ፣ ለእሷ ይህን አወጣ።

«በዚህ ወይፈን የሚያክል ዓሣ ነው የምናወጣው» አለ ለእንግዶቹ። «ጀልባዋን የምነዳት እኔ ነበርኩ። እዚያ ካፒቴን ነው የሚሉኝ።»

ጎረቤታቸው ኦቦ ጉሉማ ዕቃውን ከጁሀራ ጉልበት ላይ አነሱና በመዳፋቸው መዘኑት። ኦቦ ጉሉማ የስንዴ ነጋዴ ናቸው፤ በሳቸው ቤት መዶሻም ይሁን ብረት ድስት፣ የኮምባይነር ጥርስም ቢሆን የሚመረጠው በክብደቱ ነው። ቀለል ካለ ፎርጅድ፣ ከከበደ ኦርጅናል ነው፤ አለቀ።

«ኦርጅናል!» አሉ፤ ሰውም ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እንኳ ያንን እባብ የሚመስል ዓሣ አልቀምስም፤ ማሽኑ ግን ማሻአላህ ነው።»

«እሑድ ሻያ እንሂድ!» አለ መሀመድአወል ሞቅ ብሎት። «ጁሀራ በዚህ ስታወጣ ታያላችሁ። እኔም አሳያችኋለሁ!»

ጁሀራ «እሺ አቡያ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለች። ከልቧ ነው ያመሰገነችው። ግን እጀታውን አንዴ እንዳዞረችው አንድ ነገር ገብቷታል፤ ይህ ማሽን ከሻያ ጋር አይተዋወቅም።

በማግሥቱ ሪሉን በዘንቢል ይዛው ትምህርት ቤት ሄደች። ቲቸር ኪዳነማርያም የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ናቸው። ባሕር ዳር ነው ያደጉት፤ ዓሣ ማጥመድ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ሪሉን ሲያዩ ፉጨት አመለጣቸው።

«ይህ የባሕር ነው፤ የትልቅ ዓሣ! እንዲህ ያለውን በሥዕል ነው የማውቀው። እስቲ ዘንግሽን አምጪው።»

ዘንጓ ሪል ባገኝ ብላ ያዘጋጀችው፣ ከሪራ የቀርከሃ ጫካ የመጣ ሽመል ነው። በጎማ ቁራጭ አሰሩበት። ሽመሉ ገና ምንም ሳይነካው ጎበጠ። ጁሀራ ሜዳው ላይ ወጥታ ባላት ኃይል ወረወረች፤ መንጠቆው እግሯ ሥር ጠብ አለ። ደግማ ወረወረች፤ ጫማዋን ያዘ።

«አይዞሽ፣ ዓሣው ወርቁን ሲያይ ራሱ ወጥቶ ይመጣል!» ብላ ሳቀችባት ጓደኛዋ ማናልበሽ። የማናልበሽ እናት ጎባ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ማናልበሽ ደግሞ ማንንም ሳትለክፍ ውላ አታውቅም።

ቲቸር ከመሳቢያቸው አንዲት ጥቁር ነገር አወጡ። የቡጢ ያህል ሪል ናት፤ እጀታዋ ዝጓል፣ ቀለሟ ተላልጧል።

«ይቺ ለሻያ ልክ ናት። ግን ውስጧ አሸዋ ገብቶ ከተቆለፈች ሁለት ዓመቷ። ለመፍታት ሞክሬ አቃተኝ። ከከፈትሻት ያንቺ ትሁን።»

ጁሀራ አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ እጇ ያዘች። ትንሿን ሽመሉ ላይ አስጠጋቻት። ሽመሉ ቀጥ እንዳለ ቀረ። አውራ ጣቷ ፍሬኑ ላይ ያለችግር ደረሰ። ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

«ይቺን» አለች።

«አንቺ ፋራ ነሽ እንዴ?» አለች ማናልበሽ። «ወርቁን ትተሽ ዝገቱን? እሺ፣ ለአጎትሽስ ምን ልትዪው ነው?»

ጁሀራ ሁለቱንም ሪሎች ዘንቢሉ ውስጥ ከተተች። ሪል መምረጥ ቀላል ነበር፤ የመረጠችውን ለአቡያ መንገር ግን አስፈራት። ስድስት ዓመት ቆይቶ ያመጣላት ብቸኛ ስጦታ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ለእሑድ የጠራው በእሱ ተማምኖ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወርቁን ትታ ዝገቱን ብታወጣ አንገቱን ማስደፋት ነው። ወርቁን ይዛ ብትሄድ ደግሞ እግሯ ሥር ስትወረውር መዋሏ ነው፤ ያኔም የሚያፍረው እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከአባቷ ሱቅ ጓሮ ተቀመጠች። አባቷ ወዚር የኮምባይነር መለዋወጫ ይሸጣል፤ ካቻቪቴም ነጭ ጋዝም ጓሮው ሞልቷል። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታች፣ ሁለተኛውን ፈታች። ሦስተኛው ላይ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ አንድ ሞላ ዘሎ አመድ ውስጥ ገባ፤ ጥርሶቹ ተበተኑ። የቱ የቱን ይቀድም እንደነበር ጠፋባት። «ወይኔ!» አለች ጮክ ብላ።

«ምንድን ነው?»

መሀመድአወል በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ከዝገቱ ወደ ዘንቢሉ፣ ከዘንቢሉ ወደ እሷ ሄደ። ጁሀራ ፊቷ ጋለ። ልትዋሽ አሰበች፤ የማናልበሽ ነው ልትለው። ከዚያ ተወችው።

«አቡያ፣ ያንተ በጣም ያምራል። ወላሂ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ግን ለሻያ አይሆንም። ሽመሉን አጎበጠው፤ ሞክሬ እግሬ ሥር ነው የወደቀው። ለሻያ የምትሆነው ይቺ ናት።»

 መሀመድአወል ኩርሲውን ስቦ ተቀመጠ፤ ኩርፊያው ከፊቱ ይነበባል። «ከጅዳ እስከ ሮቤ በጭኔ ይዤው ነው የመጣሁት» አለ። «አንድም ቀን ሻንጣ ውስጥ አልከተትኩትም።»

ጁሀራ እንባዋ መጣ። «አውቃለሁ» አለች።

እሱ ግን መሬቱን ማየት ጀምሮ ነበር። ጎንበስ ብሎ አንድ ጥርስ አነሳ፣ በአውራ ጣቱ ጠረገው። «ጨርቅ አምጪ» አለ። «ንጹሕ ይሁን። ነጭ ጋዝም በጣሳ።»

አመጣችለት። ጨርቁን ዘረጋና የወዳደቁትን እየለቀመ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደራቸው። ሞላዋን ከአመዱ ውስጥ ፈልጎ አወጣት። እያንዳንዷን ነጭ ጋዝ ውስጥ እየነከረ በጥርስ ብሩሽ ፈተጋት። አሸዋው እየረገፈ ጣሳው ሥር ተኛ። ጣቶቹ አይጠራጠሩም፤ አንዳንዴ ወደ ዕቃው እንኳን አያይም ነበር። ቲቸር በሁለት ዓመት ያልቻሉትን እሱ ወሬ እያወራ ሠራው። ጁሀራ እጁን ስታይ ቆየች። ዓሣ አጥማጅ ታውቃለች፤ የዓሣ አጥማጅ እጅ እንዲህ አይደለም። ጣቱ ላይ የናይለን ጠባሳ የለም።

«አቡያ፣ ይህን የት ተማርክ?»

ብሩሹ ቆመ።

«ሥራዬ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሀብታሞቹ አጥምደው ሲመለሱ ሪሎቹን ለእኔ ይሰጡኛል። ጨው ብረት ይበላል፤ በንጹሕ ውኃ አጥባለሁ፣ እፈታለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ፣ እገጥማለሁ። ስድስት ዓመት እሱን ነው የሠራሁት። ጀልባ ነድቼ አላውቅም፣ ጁሀራ። ዘንግም ይዤ አላውቅም።»

«ወርቁስ?»

«ጥርሱ ተሰብሮ ጌታዬ ሊጥለው ነበር። ከሌላ አሮጌ ሪል ጥርስ አውጥቼ፣ በልኩ ሞርጄ አስነሳሁት። ‹ያንተ ነው፣ ውሰደው› አለኝ።» ፈገግ አለ። ከመጣ ጀምሮ ያለ ጉራ ፈገግ ሲል ያየችው አሁን ነው። «ለሰው ምን ልበል? ስድስት ዓመት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ ልበል?»

ጁሀራ ዘንቢሉን ሳበችና ወርቃማውን ሪል እንደ አዲስ አየችው። እጀታውን አዞረችው፤ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ። ተሰብሮ የነበረ ነገር አይመስልም። ያን ዕለት ኦቦ ጉሉማ በመዳፋቸው ሲመዝኑት ይህን ማንም አላወቀም።

«እኔ ካፒቴን አልፈለግሁም» አለች። «ይቺን የሚገጥምልኝ ነው የፈለግሁት።»

ገጠመላት። ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አደረገና እጀታዋን ነካ አደረጋት፤ ትንሿ ሪል ብቻዋን ሦስቴ ዞረች። ጁሀራ ከወተት ቆርቆሮዋ ላይ ግማሹን ናይለን አዛወረችባት።

እሑድ ጠዋት ሻያ ዳር ቀዝቅዞ ነበር። ኦቦ ጉሉማ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቲቸር ኪዳነማርያም ቦት ጫማ አድርገው፣ ማናልበሽ ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ የሰፈር ልጆችም ግር ብለው መጡ።

«ወርቁስ የታለ?» አሉ ኦቦ ጉሉማ ገና ከመድረሳቸው።

«ቤት ነው። እሱ የባሕር ነው፣ ኦቦ ጉሉማ» አለች ጁሀራ። «ይቺን ተቆልፋ የነበረችውን አቡያ በእጁ ፈታትቶ ነው የሠራልኝ። ቲቸርን ይጠይቋቸው።»

ቲቸር እጀታዋን አዙረው አዩና ዓይናቸው ፈጠጠ። «እንዴ! ይቺ ያቺ ናት?» አሉ። መሀመድአወል አንገቱን አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

ጁሀራ ከድልድዩ በላይ ወዳለው ጥልቅ ቦታ ሄደች። ቢስሚላህ ብላ ወረወረች። መንጠቆው በቆርቆሮዋ ደርሳበት ከማታውቀው ከማዶው ድንጋይ ሥር ወረደ። በሦስተኛው ውርወራ ዘንጉ ጎበጠ፣ ሪሏ ዘፈነች። ዓሣው ሮጠ፤ ፍሬኑ ክሩን በልክ ለቀቀለት። ቆመ፤ ጠቀለለች። ደግሞ ሮጠ፤ ደግማ ለቀቀችለት።  ይህን ዓሣ ታውቀዋለች፤ ዛሬ ግን አይበጥስባትም። ቲቸር ያመጡትን መረብ ሥሩ ሲያስገቡ ክንድ የሚያህል፣ ጎኑ በጠቃጠቆ የተሞላ ትራውት ሣሩ ላይ ተንፈራገጠ።

«አልሐምዱሊላህ!» ጮኸ መሀመድአወል።

«በሉ ቶሎ እረዱት፣ ሳይሞት!» አሉ ኦቦ ጉሉማ ቢላዋ ለማውጣት ኪሳቸውን እየዳበሱ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዓሣ እንደማይታረድ መሀመድአወል አስረዳቸው፤ እሳቸውም እየሳቁ ቢላቸውን መለሱ።

ከዚያ ግን፣ «እሺ፣ አሁን ደግሞ ካፒቴኑ ያሳዩን!» አሉ።

ልጆቹ «ካፒቴን! ካፒቴን!» አሉ። መሀመድአወል ጁሀራን አያት። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጁሀራ «ደክሞታል» ማለት ትችል ነበር። ወደ እሱ ተጠግታ ዘንጉን አስያዘችው። «አቡያ፣ ፍሬኑ የላላ መሰለኝ፣ እየው» አለች ሰው እንዲሰማ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ጣትህን እዚህ። ስትወረውር ልቀቀው» አለችው።

ወረወረ። መንጠቆው እግሩ ሥር ጠብ አለ።

ኦቦ ጉሉማ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። መሀመድአወል ግን ቀደማቸው፤ መጀመሪያ ራሱ ሳቀ። «ኦቦ ጉሉማ፣ ውሸቴን ነው» አለ። «ካፒቴን አልነበርኩም። የእንዲህ ያሉ ማሽኖች አጣቢና ጠጋኝ ነበርኩ። ዘንግ ስይዝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

 ኦቦ ጉሉማ ትንሿን ሪል ከእነዘንጓ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኗት፤ ቀለለቻቸው። እጀታዋን አዞሯት፤ ድምፅ የላትም። ደግመው አዞሯት።

«እና የወዚር ሱቅ የሚፈልገው እንዲህ ያለ የኮምባይነር ጠጋኝ አይደል እንዴ!» አሉ፤ ዘንጉንም መለሱለት። «ካፒቴን እዚህ ምን ያደርግልናል?»

ማናልበሽ ጁሀራን ክንዷን ጎሸም አደረገቻት። «አሁን ተቀበዪው እንጂ፤ ሪሉ ያንቺ አይደል?»

ጁሀራ አጎቷን አየችው። ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ያሳየችውን የጣት ቦታ እየፈለገ ነው። ዛሬ ዘንጉን መልሳ እንደማትቀበለው ወሰነች። ከዘንቢሏ የወተት ቆርቆሮዋን አውጥታ አጠገቡ ቆመች።

«እንደገና፣ አቡያ» አለችው።