ያልተጠበቀው ገጽ

ወንድምአገኝ ማናዬ ፀዳ ከተማ ውስጥ ከተከራየበት ቤት ደረጃ ግርጌ ሞቶ የተገኘው ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያገኘችው አከራዩ ይመኙሽ ናት፤ አራት ሰዓት ላይ ግቢውን ቆልፋ ስትወጣ በደህና ተሰነባብተው ነበር። ሰፈርተኛው «አዳልጦት ነው» አለ።

ኢንስፔክተር ሸዋረግ ግን አልተዋጠላትም። ከሟቹ ሸሚዝ የተነቀሉት ሁለት አዝራሮች የተገኙት ከታች ሳይሆን ከደረጃው ራስ ላይ ነው። ሰው እንዲያው ሲያዳልጠው አዝራሩን ከላይ ትቶ አይወድቅም።

ሐሙስ ጠዋት አባቱ አያ ማናዬ ከመካነ ብርሃን መጥተው አስከሬኑን ሊወስዱ መኪና አቆሙ። ሸዋረግ መቀመጥ አቃታት። ቀብሩ ካለፈ ነገሩ «አደጋ» ተብሎ ይዘጋል፤ ተከራዮቹም ይበተናሉ።

በተቆለፈው ግቢ ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ፀደንያ፣ አለነና ሐብተ ማርያም። ከሟቹ ጋር ለመመረቂያ የሚሆን ሰርቨር፣ ማለትም ለጠየቀው ኮምፒውተር ሁሉ ገጽ የሚያቀብል ፕሮግራም፣ አብረው ይሠሩ ነበር። ፕሮግራሙ ያለው በወንድምአገኝ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ሸዋረግ አንድ በአንድ ጠራቻቸው።

«ከሰርቨሩ ትልቅ ፊልም እያወረድሁ ነበር» አለች ፀደንያ፣ ዓይኗ አብጦ። «ለሙከራ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ማዳመጫ አድርጌ ስለነበር ምንም አልሰማሁም።»

«እንደምታወርጂ ማን ያውቅ ነበር?»

«ሁላችንም። በዋዜማው ተነጋግረንበታል።»

አለነ በጓሮ ክፍሉ ገጾች ሲከፍት እንደነበር ተናገረ።

«አልዘገየብህም?»

«ኧረ ወዲያው ነው የሚከፈት! እኔም ገርሞኛል።»

ሐብተ ማርያም ረጋ ብሎ ተቀመጠ።

«ክፍሌ ነበርሁ። አንድ ገጽ ጠይቄ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ፀደንያ ፊልም ስለያዘችው ለእኔ ተራ አልደረሰኝም።»

«የሰርቨሩ መዝገብ ላይ ግን የለህም።»

«አልኖርማ። ተራው ያልደረሰውን አይመዘግብም።»

ሸዋረግ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ፀደንያን ይዛ ወደ ወንድምአገኝ ኮምፒውተር ሄደች። ፀደንያ መዝገቡን ወደ ላይ እየገፋች ስታነብ ድንገት እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

«ጨርሶት ነበር!» አለች እያለቀሰች። «ሳይነግረን ጨርሶት ነበር።»

ፀደንያ ምኑን እንደጨረሰ በዝርዝር ካስረዳቻት በኋላ ሸዋረግ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አያ ማናዬም ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

«ይህ ሰርቨር እስከ ትናንት ድረስ እንደ አንድ አስተናጋጅ ነበር» አለች ሸዋረግ እየተንጎራደደች። «የአንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይዞርም። ፀደንያ ፊልም ስታወርድ ሌላው ሁሉ መጠበቅ ነበረበት። ይህን የሚያውቅ ሰው ‹እየጠበቅሁ ነበር› ቢል ማንም አይጠረጥረውም፤ ከመዝገቡም መጥፋቱ እንደ ማስረጃ ይቆጠርለታል።»

ሐብተ ማርያም ወለሉን ያይ ጀመር።

«ወንድምአገኝ ግን ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሲሠራው የነበረውን አዲሱን ፕሮግራም ጨርሶ አስነሥቷል። አዲሱ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የየራሱን ክር ይዘረጋል፤ ሁሉም የየራሱ አስተናጋጅ እንዳለው ሁሉ አንዱ ሌላውን አያስጠብቅም፤ የጠየቀውን ሁሉ ይመዘግባል። ለዚህ ነው አለነን ያልዘገየበት። የፀደንያ ፊልም እሷ ባትኖርም ይወርዳል፤ ስለዚህ እሷንም ጠርጥሬያት ነበር። ሊሆን የማይችል ነገር የነገረኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ሐብተ ማርያም፣ ያን ሰዓት ማንም አልጠበቀም። ታዲያ የት ነበርህ?»

ሐብተ ማርያም ከመቀመጫው ተነሣ።

«ሥራውን በስሜ ብቻ ለውድድር ማስገባቴን ደረሰበት። ለመምህራችን ሊናገር ከክፍሉ ሲወጣ ደረጃው ራስ ላይ ሸሚዙን ያዝሁት። ታገለኝ፤ አዝራሩ ተበጠሰ… አልገፋሁትም፤ እግዜር ያውቃል።»

አያ ማናዬ ቀና አሉ።

«ልጄ ያን ጊዜውኑ ነው የሞተ?»

«አይ፣ አባቴ። ጠርቶኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ስሜን።»

«ምነው ታዲያ አልወረድህለት?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«መኪናውን አስነሡልኝ» አሉ። «እናቱ አገር ቤት ደጅ ላይ ቁማለች።»