ሰባት ደጅ ላይ የቆመው ሞተር

ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ሲጋመስ፣ በስተግራ በኩል በእንሰት የተከበበ ትልቅ የሣር ቤት አለ። የአቶ ከድሮና የወይዘሮ ዘይባ ቤት ነው። ዛሬ በዚያ ደጅ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ “አይ ያች ልጅ…” ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ግን ከንፈሬን አልመጥጥም! የዚያን ቤት ነገር ሳስብ ከእንባዬ ቀድሞ የሚመጣው ንዴቴ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ለስላሳ ቃል ከፈለግህ ከለቅሶ አስተዛዛኞቹ ዘንድ ሂድ፤ እነሱ ሞልቷቸዋል።

ባልና ሚስቱ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። የበኩሩ ሙሀይሚን መርካቶ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ ስሙ ሲጠራ አባቱ ቀና የሚሉበት ልጅ ነው። ሁለተኛው ኢስሀቅ ከወላጆቹ ጋር ቀርቶ እንሰት የሚተክል፣ በርበሬ የሚያርም፣ ስሙ ሲጠራ ማንም ቀና የማይልበት ልጅ ነው። የመጨረሻዋ ባሂራ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ የነበረው ይህች ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት የስኳር በሽታ ያዛት። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ካልተወጋች በሕይወት እንደማትቆይ ሐኪም ነገራቸው። መድኃኒቱም ሙቀት እንዳይነካው አደራ አላቸው።

መብራት በሌለበት ዳገት ማቀዝቀዣ ከየት ይምጣ? ወይዘሮ ዘይባ በእንሰቱ ጥላ ሥር ገንቦ ቀብረው እርጥብ አሸዋ ሞሉበት፤ መድኃኒቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ኢስሀቅ ደግሞ በየወሩ ቡታጅራ ይወርዳል፤ ብልቃጦቹን ተቀብሎ ከጁስ ቤት በረዶ ለምኖ በፔርሙስ ይዞ ይመለሳል። ሚኒባስ ሲያጣ በእግሩ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ወር አላጓደለም። ታዲያ ማን አመሰገነው? ፔርሙስ ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ማን ያጨበጭባል?

ባለፈው ዓመት አረፋ የዋለው በግንቦት መጨረሻ ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ መንገዱ ዱቄት ሆኗል፤ ከጠጠሩ የሚነሳው ወላፈን ፊት ይለበልባል። የአገሩ ተወላጅ የትም ይኑር የት ለአረፋ ቤቱ ይገባል፤ በአውቶቡስ፣ በሚኒባስ፣ ሲጠፋም በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ሙሀይሚን ግን እንደ ሰው መምጣት ከበደው! ባለ ገንዘቦቹ አድቬንቸር የሚሉትን፣ ወይፈን የሚያክል፣ ግራና ቀኝ የብረት ሣጥን የተጫነበት፣ በጠራራ ፀሐይ አራት መብራት የሚያበራ ሞተር ገዝቶ መጣ። ጓንት አጥልቋል፣ የጉልበት መከላከያ አስሯል፣ ሄልሜቱ ላይ ካሜራ ተክሏል። አባቱ በርበሬ በበቅሎ ጭነው አርባ ዓመት የወጡትን ዳገት ለመውጣት ይህን ያህል ታጠቀ! ጥያ ላይ ከጥንቶቹ ድንጋዮች አጠገብ ቆሞ ተቀረጸ። ቡታጅራ ሲደርስ የባጃጅ ሾፌሮች ከበው ሲያደንቁለት፣ ሞተሩን በከንቱ እያስጓራ አንድ ሰዓት ፈጀ።

ኢስሀቅ በዚያ ጠዋት ሁለት ብልቃጥ መድኃኒት ተቀብሎ መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባስ ይጠብቅ ነበር። ለአረፋ ሦስት ቀን ስለቀረው ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ቤት የነበረው ብልቃጥ ደግሞ በጠዋቱ መርፌ አልቋል፤ የማታው የሚቀዳው ከዚህ ነው። ሙሀይሚን ወንድሙን ከሰልፉ ጠራው።

“አምጣው፣ በአርባ ደቂቃ አደርሰዋለሁ።”

“እሺ፣ ከነፔርሙሱ ያዘው።”

“ይሄን የሻይ ዕቃ ምን ላይ ልሰቅለው ነው? ሣጥኑ እንደሆነ አይበቃውም። ብልቃጦቹን ብቻ ስጠኝ።”

“ሙቀት አይወድም፣ ሙሀይሚን። ወላሂ አይወድም።”

“አርባ ደቂቃ አልኩህ እኮ! ደግሞ ይሄ ሞተር የት የት እንደሚወጣ ታውቃለህ?”

ኢስሀቅ ግራ ቢገባው እናቱ ጋ ደወለ። ወይዘሮ ዘይባ አፍታም አላሰቡም። “ስጠው ልጄ፤ እህቱን አስቦ መድኃኒት ይዞ ገባ ይባልለት። አገር ይየው!” አሉ። ከዚያም ስልኩን ለሙሀይሚን አስሰጥተው አንድ ቃል ጨመሩለት። “የማንንም ደጅ ዘለህ እንዳታልፍ፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ ኮራብን እንዳይሉን።” እናት ናቸው፤ ክፉ አላሰቡም። አገር የሚያፈርሰው ግን ሁልጊዜ ክፉ ሐሳብ ነው ያለው ማን ነው? ብልቃጦቹ ከበረዶው ወጥተው በጨርቅ ተጠቅልለው ቀኝ ሣጥን ውስጥ ገቡ። ከቀኙ ሣጥን ሥር እንደ ምድጃ የሚግለው የሞተሩ ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ነበር።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ተነሣ። የመጀመሪያው ደጅ የአክስቱ የሀሊሜ ነው። እሳቸው ገና ጩኸቱን ሲሰሙ መንገድ ላይ ወጥተው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። “የከድሮ ልጅ! ቅቤ የጠጣ ቆጮ እያለ ደጄን ዘለህ ልታልፍ ነው?” አሉት። “እህቴ መድኃኒት ትጠብቃለች” ቢላቸው ኖሮ አክስት ሀሊሜ ራሳቸው ከኋላ ገፍተው ያስነሡት ነበር። አላላቸውም። ሞተሩን ሰው እንዲያየው ፀሐይ ላይ አቆመና ገባ። አይብ በላ፣ ተመረቀ፣ ሕፃናቱን በየተራ ኮርቻው ላይ አስቀምጦ አስቀረጸ። ቀጥሎ ሁለተኛው ደጅ፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። በመካከሉ ደግሞ ጠጠሩ ላይ አቧራ እያቦነነ ሲታጠፍ ካሜራው አልያዘለትም መሰለው፤ ተመልሶ ወርዶ ያንኑ ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣው። ሰባት ደጅ ላይ ቆመ! ሰባቱም ጋ በላ፣ ሰባቱም ጋ ተወደሰ፣ ሰባቱም ጋ ያ የብረት ሣጥን ከላይ በፀሐይ ከታች በማርሚታ ተጠበሰ። የአርባ ደቂቃው መንገደኛ አባቱ ግቢ የደረሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው።

አቀባበሉን ልተርክላችሁ? ተጸየፍኩት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሞተሩን ዳበሰ። አቶ ከድሮ በደስታ አለቀሱ። ባሂራ እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና “እስከ ድልድዩ ብቻ አንዴ አዙረኝ!” አለችው። “መቀመጫውን ትቧጭሪብኛለሽ፤ ነገ” ብሎ ሳቀባት። ኢስሀቅ ግማሹን በአይሱዙ ግማሹን በእግሩ ተጉዞ ሲገባ መድኃኒቱ ገና ሣጥኑ ውስጥ ነበር። አወጣው። ብልቃጡ አሁን ከውሃ እንደወጣ የተቀቀለ እንቁላል እጁን ፈጀው።

“ትኩስ ነው” አለ ቀስ ብሎ።

“ስታቀዘቅዘው ይቀዘቅዛላ!” አለ ሙሀይሚን፤ እንግዳው ሁሉ ሳቀ።

ኢስሀቅ ሌላ መድኃኒት ላምጣ ቢል ታላቅ ወንድሙን በእንግዳ ፊት ማዋረድ፣ አባቱን በደስታቸው ቀን ማሳፈር መሰለው። ይሉኝታ የሚሉት ይህ የእኛ ጉድ እዚያች ላይ አፉን ለጎመው። ብልቃጦቹን ወስዶ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ ቀበራቸው። አንተ ጨዋ ልጅ፣ ምነው በዚያች ቀን እንኳ ባለጌ ብትሆን!

ባሂራ ማታ ተወጋች፤ በማግስቱ ጠዋትም ተወጋች። ቀን ላይ ውሃ ጥሙ አላስቆም አላት፤ ሙቀቱ ነው ተባለ። ሲመሽ አስመለሳት፤ የበዓል ቅቤ ነው ተባለ። ቤቱ ውስጥ አሥር እንግዳ ይገባል አሥር ይወጣል፤ ሙሀይሚን ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የዳገቱን ቪዲዮ ለሰው ያሳያል። ባሂራ እናቷን ከጓዳ ጠራቻቸው። “እማ፣ መድኃኒቱ አልያዘኝም” አለቻቸው። ወይዘሮ ዘይባ ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ዝም በይ ልጄ፣ ወንድምሽ ይሰማል። በዚህ ሐሩር ይዞልሽ መጥቶ እንከን ታወጪበታለሽ?” ልጅቷም አፍራ ዝም አለች… ወንድሟ እንዳይከፋው ብላ ዝም አለች! ከዚያ በኋላም አራት ጊዜ ያንኑ መድኃኒት በገዛ እጇ ቀድታ በገዛ እጇ ተወጋች።

የአረፋ ዕለት፣ ወንዶቹ ከሰላት ተመልሰው በሬው እየተጣለ ሳለ፣ ወይዘሮ ዘይባ ከውስጥ ጮኹ። ባሂራ ስትጠራ አትሰማም። ደረቷ እንደ ወናፍ ይነሣል ይወድቃል፤ ትንፋሿ በስብሶ እንደ ሰነበተ ፍሬ ይሸታል። በበዓል ቀን ሚኒባስ የለም፤ ያለው ያ የተረገመ ሞተር ብቻ ነው። ሙሀይሚን ነዳ፤ ኢስሀቅ ከኋላ ሆኖ እህታቸውን በመሃል አቅፎ ያዛት። “ነገ” የተባለችው ልጅ በመጨረሻ መቀመጫው ላይ ወጣች! ፀሐዩ ያናጥራል፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ በተንሸራተተ ቁጥር ጭንቅላቷ ከወንድሟ ጀርባ ጋር ይጋጫል። ሰባቱ ደጆች ላይ የበዓል ልብስ የለበሱ ሰዎች እጃቸውን አውለበለቡ፤ ዛሬ የቆመላቸው የለም። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ብቻ!

ቡታጅራ ላይ ባገኙት የጤና ተቋም ሲስተር ሐና የምትባል ነርስ ተቀበለቻቸው። ሐኪሙ ተጠራ፤ ግሉኮስ ሳይሆን ጨው ያለው ውሃ ተሰቀለላት፤ አዲስ ኢንሱሊን ተሰጣት። ሲስተር ሐና ኢስሀቅ በኪሱ ይዞት የመጣውን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ፈሳሹ ረግቶ ጠርሙሱ ላይ እንደ ተቆራረጠ ወተት ተለጥፏል።

“ይሄ የት ነው የዋለው?”

ሙሀይሚን መለሰ። “ሞተር ላይ… ሣጥን ውስጥ።”

“ለስንት ሰዓት?”

አሁን ግን ኢስሀቅ ነው የመለሰው። “ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር።”

ነርሷ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። “ተቀቅሏል። ይህች ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ነው ስትወጋ የቆየችው” አለች። ወደ አልጋው ዞረች። የሚደረገው ሁሉ ተደረገ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ባሂራ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈች። አሥራ አምስት ዓመት… ምን በላች? ምን ጠጣች? ምን አየች?

አስከሬኗ በመኪና ወጣ። ማታውኑ ሙሀይሚን እናቱን ከእንሰቱ ሥር ብቻቸውን አገኛቸውና ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። “እማ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት፤ መድኃኒቱ ሣጥኑ ውስጥ ተቀቅሎ…” ወይዘሮ ዘይባ አልጮኹም። መዳፋቸውን አፉ ላይ ጭነው አፈኑት። “አንዷን ነገ እቀብራለሁ፤ ሁለት አልቀብርም” አሉት። “አባትህ ይህን ከሰማ ይረግምሃል። በአባቱ የተረገመ ልጅ አይባረክለትም፤ ወላድ አይሆንም። ለኢስሀቅም ንገረው፤ ይህ ነገር ከሦስታችን አይወጣም።” ኢስሀቅም ተነገረው፤ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ይህ ቤት ከሞት በኋላም እንኳ ሰው ምን ይለናል ይላል!

በማግስቱ ጠዋት ቀበሯት። ድንኳን ተጣለ፤ አገሩ ሁሉ መጣ፤ ሰባቱም ደጆች መጡ። አክስት ሀሊሜ ደረታቸውን እየደቁ “ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው” ሲሉ ሌላው ይቀበላቸዋል። ዕጣዋ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው፣ የተጻፈባት ነው… ይህን ስሰማ ጆሮዬን መድፈን አማረኝ። ዕጣ ፈንታ የተባለው ምስኪን ስንቱን የእኛን ጥፋት ተሸክሞ ይችለዋል? የሰው ልጅ በሰባት ደጅ ክብሩን ሲለቅም ይውልና ሲመሽ ጥፋቱን ወደ ሰማይ ይወረውራል። ሰማዩም እንደ ኢስሀቅ ነው፤ አይመልስም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰደቃው ከተበላ በኋላ፣ አቶ ከድሮ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። በሦስት ቀን ውስጥ ጀርባቸው ጎብጧል።

“ሙሀይሚን፣ ና ልጄ፣ እዚህ ፊቴ ተንበርከክ” አሉ። ወጥቶ ተንበረከከ። “እናንተ ሰዎች፣ ልጄ ሞታለች፤ አልሐምዱሊላህ፣ የሰጠ ወሰደ። እኔን ያጽናናኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ልጄ መድኃኒት አጥታ አልሞተችም። ይህ ወንድሟ በፀሐይ፣ በአቧራ፣ በእጁ ይዞላት መጥቷል። እኔ ሽማግሌው የምከፍለው የለኝም፤ ያለኝ ዱዓ ነው። እጃችሁን አንሡልኝ።”

ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ኢስሀቅም ዘረጋ። አቶ ከድሮ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በበኩር ልጃቸው ራስ ላይ አደረጉ።

“ያ አላህ፣ ልጆች ስጠው። እሱ ለእህቱ እንደሆነላት፣ የወለዳቸውም እንዲሁ ይሁኑለት!”

“አሚን!” አለ ድንኳኑ።

ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ ዘይባ ነጠላቸውን ጥለው “አይሆንም! ከድሮ፣ አይሆንም፣ መልሰው!” ብለው ጮኹ። ሴቶቹ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት ብለው ደግፈው አወጧቸው። አቶ ከድሮ ምንም አልገባቸውም፤ ዱዓቸውን ሦስት ጊዜ ደገሙት፣ ሕዝቡም ሦስት ጊዜ አሚን አለ።