የዳኑት ቁንጫዎች

በቤተ ሙከራው የኬሚካሎችን ጉዳት የምትገመግመው ወጣት በዓሣው ክፍል ወለል ላይ በግንባሯ ተደፍታ ስትገኝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ አጠገብ በተቀመጠ ባልዲ ውስጥ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ተገናኝተው ያወጡት ጋዝ፣ በሩ ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት ቢያልፍም ገና ዓይን ያቃጥላል። በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ።

«ያሳዝናል፤ ግን ተራ አደጋ ነው» አለ ሬሳውን ያገኘው የቤተ ሙከራው ኃላፊ። ይህ ሰው ከአልጋው ሲነሳ እንኳ «ዶክተር፣ እንደምን አደሩ» ሳይባል ጫማውን የሚያደርግ አይመስልም። መሀረቡን ከደረቅ ዓይኑ ላይ አላወረደም። «ሴትዮዋ ናት፤ ገንዳ አጣቢዋ። ሁለቱን ቀላቅላ ረሳችው፤ ለምሳ ስትወጣም እንደ ልማዷ በሩን ከውጭ ቀረቀረችው። ያልተማረ ሰው ይዘን ምን እናድርግ?»

ነገሩን ሊመረምር የመጣው ኢንስፔክተር ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። ባልደረቦቹ «አሽሙረኛው» ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ውሸት ሲሰማ ስለኖረ ከሰው አፍ ይልቅ የሰው እጅ ማየት ይወዳል። የሟቿን እጅ አነሳ። ከጥፍሮቿ ሥር የበሩ ነጭ ቀለም ገብቷል፤ ልትወጣ ታግላለች። ከጋዋኗ ኪስ ቡሽ የተከደነች ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። በውስጧ ጥርት ያለ ውሃ አለ፤ ላይዋ ላይ «5» ተብሎ ተጽፏል። ወደ ራሱ ኪስ ከተታት።

ኃላፊው «ገንዳ አጣቢ» ያላቸው ዓሣ ጠባቂዋ ኮሪደሩ ላይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጠዋል። ስድሳን የተሻገሩ ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት የለመዱት ፖሊሶች አሮጊቷን ለመውሰድ የኢንስፔክተሩን አንድ ቃል ብቻ ይጠብቃሉ።

«እማማ፣ አሲዱን ከበረኪናው ደባልቀዋል?»

«እኔ? ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ሠርቼ? በረኪና እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም። የቧንቧውን ውሃ እንኳ ክሎሪኑ እንዲለቅ አንድ ቀን አሳድሬ ነው ለዓሦቼ የምሰጣቸው። በሩን ሁልጊዜ የምቀረቅረው እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ዛሬ ግን እንደ ልጄ የማያት ልጅ ውስጥ እንዳለች እያወቅሁ እንዴት ብዬ?»

«ምን ልትሠራ ገባች?»

«ልትቆጥር ነዋ! አዲስ የሳሙና ኬሚካል መጥቷል። ወንዝ ቢገባ ምን ይጎዳል ብለን የውሃ ቁንጫ በምንላት ደቃቅ የውሃ እንስሳ ላይ እንሞክረዋለን። ስድስት ሳህን ነው፤ በየሳህኑ ሃያ ቁንጫ። አንዱ ሳህን ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ሌሎቹ ላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት፣ ኬሚካሉ እየጨመረ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ሳህኑን ወዝወዝ አድርገህ እስከ አሥራ አምስት ትቆጥራለህ፤ ያልተንቀሳቀሰው አልቆለታል። ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር ቆጠራው። የንጹሑ ውሃ ቁንጫዎች ከሞቱ ግን ሥራው ሁሉ ይጣላል፤ ከእንደገና ነው።»

«ቁንጫዎቹን ያሳዩኝ።»

ሳህኖቹ እዚያው ክፍል ውስጥ በመስታወት ቁም ሳጥን ተደርድረዋል። ቁንጫዎቹ በስድስቱም ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ዓሦቼ አልቀው እነዚህ እንዴት ዳኑ? ይሄ ሳጥን እኮ የክፍሉን አየር በማራገቢያ ይስባል!» ጎንበስ ብለው ከኋላ አዩ። የማራገቢያው ሶኬት ተነቅሏል፤ የአየር መግቢያው ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። «ይሄን የምናደርገው ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ነው። ዛሬ ማን ቀባ?»

የሳሙና ፋብሪካው የሽያጭ ኃላፊ ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ተጎልቷል። ሰው ሞተ ሲሉት መጀመሪያ የጠየቀው ኬሚካሉ ጉዳት የለውም ስለሚለው ወረቀት ነው።

«ስለ ቁንጫዎቹ የሚያውቁት ነገር አለ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ቁንጫ? እኛ የምንሠራው ሳሙና ነው። ቁንጫ ይገድላል ብለን አስተዋውቀን አናውቅም!»

«ኬሚካሉ ታዲያ ምን ያደርጋል?»

ሰውየው ነቃ አለ። «አረፋ ነዋ ጌታዬ! ጠብ ያለች እንደሆነ ባልዲ ሙሉ አረፋ ታወጣለች። ችግር የለውም፤ ዶክተሩ ባለፈው ሳምንት ‹አልቋል በላቸው› ብሎኛል።»

«ሙከራው የተጀመረው ከትናንት ወዲያ ነው።»

«እንግዲህ ዶክተር አይደል? ቀድሞ ያውቃል።»

ለኢንስፔክተሩ ይህን ሰው በገዳይነት መጠርጠር ገዳዮችን መስደብ መስሎ ታየው።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰባቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙሶች አስቀመጠ።

«አንዱን እማማ አሁን ያዘጋጁት ነው፤ አምስተኛው ሳህን ላይ ሊኖር የሚገባውን ያህል ኬሚካል ለክተው ጨምረውበታል» አለና ነቀነቀው። አረፋው እስከ ቡሹ ዘለቀ። «ይህ ደግሞ ሟቿ ከአምስተኛው ሳህን ቀድታ ኪሷ የከተተችው ነው።» ነቀነቀው። ውሃው ተንቦጫቦጨና ዝም አለ።

«አንድ ሰው ኬሚካሉን ደፍቶ ሁሉንም ሳህኖች በንጹሕ ውሃ ሞልቷል። ንጹሕ ውሃ ደግሞ ማንንም አይጎዳም። ልጅቷ ይህን አወቀችና ለአለቃዋ ነገረች።»

«ይህ ግምት ነው» አለ የቤተ ሙከራው ኃላፊ።

«ነው፣ ዶክተር። ቀጥሎ ያለው ግን ግምት አይደለም። አደጋ ከመድረሱ በፊት ሶኬት አይነቅልም፤ ፕላስተርም አይለጥፍም። ቁንጫዎቹን ያተረፈው ጋዙ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ነው። ለምን አተረፋቸው? የንጹሑ ውሃ ቁንጫዎች ከሞቱ ሙከራው ተጥሎ፣ ሐሰተኛው ውጤትም አብሮ ይቀራላ! ይህን ሕግ ከሟቿ ሌላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። እኚህ ጌታ እንኳን ሕጉን፣ ቁንጫውንም አያውቁ።»

የሽያጭ ኃላፊው በኩራት ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለት ከሆንን አንዷ እሷ ናት!» ዶክተሩ ጣቱን ወደ እማማ ቀሰረ።

«እማማ ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያወጡት ዓሦቻቸውን ነበር። ገዳዩ ግን ዞር ብሎም አላያቸው፤ በዛሬው የቆጠራ ቅጽ ላይ ዓሣ የሚል ቦታ የለማ! ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ባልዲውን ወደ ውስጥ ገፍተህ በሩን ቀረቀርክባት። ጸጥ ስትል ከፍተህ ‹አገኘኋት› አልክ። ወረቀት ላይ የማይሞላ ነገር አንተን አይታይህም።»

«እርስዎ» የሚለው አክብሮት የት እንደወደቀ የጠየቀ የለም።

«ፕላስተሩ ላይ የጣት አሻራ አለ። እጅህን ታውሰናለህ?»

ዶክተሩ ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ከዚያ ያ ሁሉ ማዕረግ ከላዩ ላይ ረገፈ። «ለቁንጫ ብላ!» እያለ ጮኸ። «ፋብሪካው የቴክኒክ ዳይሬክተር ሊያደርገኝ ነበር። እባክሽ ተዪው አልኳት፤ እምቢ አለች። ለቁንጫ!»

«ለቁንጫዎቹስ ከአንተ በላይ ማን ደከመ?» አለው ኢንስፔክተሩ፤ ለፖሊሶቹም በአገጩ ምልክት ሰጠ።

የሽያጭ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ... የእኛ ወረቀት?»

«ውጣ። ካልሆነ አረፋ ያለውን ጠርሙስ አጠጣሃለሁ።»

እማማ ከወንበራቸው አልተነሱም። ከእስር መዳናቸው ገና የገባቸው አይመስልም። «ሙከራውን ማን ይሠራዋል?» አሉ። «ወንዙን እኮ ሰው ይጠጣዋል።»

«እርስዎ ይሥሩት።»

«ቅጽ ላይ መጻፍ አልተፈቀደልኝም።»

«የከለከለዎት ሰው ታስሯል።»

በዚያው ቀን ስድስቱን ሳህኖች አዲስ ሞሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ኢንስፔክተሩ ምንም ሥራ ሳይኖረው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እማማ አምስተኛውን ሳህን ወዝወዝ አድርገው አሥራ አምስት ቆጠሩ። ሃያዎቹም ከሥር እንደተኙ ቀሩ። አራተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። በንጹሑ ውሃ ውስጥ ግን ሁሉም ይዋኛሉ።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጻፉ። ቅጽ ሞልተው ስለማያውቁ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከታች ፈረሙና እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ልክ ነበርሽ፣ ልጄ» አሉ። እስከዚያች ሰዓት አላለቀሱም ነበር።