መሬት ያልነካው ናፍጣ

«ቁልፉ አልተነካም» አለች ሚጣ፣ የናፍጣ ማጠራቀሚያውን ክዳን የያዘውን ጓጉንቸር ወዝወዝ አድርጋ።

አባቷ ግን ራሱ ካላየ አያምንም። ጎንበስ ብሎ ጓጉንቸሩን በባትሪ ብርሃን አገላበጠው። ጭረት ፈልጎ አጣ። ክዳኑን ከፈተና መለኪያ ዱላውን ሰደደ። «ይኸው! ዛሬም ከሚገባው በላይ ጎድሏል። ቀጮ ቁልፉን አስቀርጾታል ማለት ነው።»

ቀጮ የጭነት መኪናው ረዳት ነበር። አባቷ ናፍጣ ትሰርቃለህ ብሎ ካባረረው አምስት ቀን ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው የሚነዳው፤ ዕቃ ሲራገፍ እንኳ ከጋቢና ሳይወርድ በመስታወት ኋላውን ሲጠብቅ ይውላል። ናፍጣው ግን አሁንም ከወትሮው ፈጥኖ ያልቃል።

ቀጮን ያስባረረችው ሚጣ ናት። አባቷ «ሲቀዳ አይተሽዋል?» ሲላት «አዎ፣ በዓይኔ!» ብላ ነበር። ያየችው ግን ጀሪካን አንጠልጥሎ በመኪናው ጀርባ ሲያልፍ ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ፎርፋ ስትዞር አግኝቷት ለአባቷ አሳብቆባት ስለነበር አንጀቷ አሮ ነበር። ደሞስ ካልሰረቀ ጀሪካኑን ምን ያደርግበታል? እያለች ራሷን ስታሳምን ሰነበተች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባትና ልጅ መኪናውን የእህቱ ጋራዥ ወሰዱት። የሚጣ አክስት ሃያ ዓመት ሙሉ የናፍጣ ሞተር ስትፈታ ስትገጥም የኖረች መካኒክ ናት።

«ሞተሩ ምንም የለውም፤ ናፍጣው ለምን እንደሚያልቅ ሌላ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው ያመጣሁልሽ» አላት አባቷ።

«ምንም የለውም ያልከው አንተ ነህ። እስቲ እኔም ልጠይቀው።»

ሞተሩን አጥባ በአየር አደረቀችው። ከስሩ ካርቶን አነጠፈች። ከማጠራቀሚያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ በየመጋጠሚያው ነጭ ሶፍት ጠመጠመችበት፤ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰውንም ቱቦ አልማረችውም። «ናፍጣ እንደ ውሃ ቶሎ ተኖ አይጠፋም። ጠብ ካለ ሶፍቱ ያሳብቅበታል» አለች።

ማሳበቅ የሚለው ቃል ሚጣን ቆነጠጣት።

ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ሲያጓራ ሚጣ ከአንዱ ሶፍት ወደ ሌላው ታያለች። አንዴ እርጥብ ነገር በታየ ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ባይታይ ይሻላል ትላለች። ከተገኘ እሷ ምን ልትል ነው?

ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ ነው። ካርቶኑም ደረቅ።

«አላልኩሽም?» አለ አባቷ። «ሌባ እኮ ቱቦ አይበሳም!»

አክስቷ ሞተሩን አጥፍታ እስኪረጋ ጠበቀች። «ሚጣዬ፣ እስቲ ዘይቱን ለኪልኝ።»

ሚጣ የዘይት መለኪያውን መዘዘች፣ ጠረገች፣ መልሳ ከታ አወጣችው። ዘይቱ የላይኛውን ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፎታል።

«ዘይት ጨምረሃል?» አለች አክስቷ ወንድሟን ትኩር ብላ እያየች።

«ኧረ አልጨመርኩም። ከቀየርኩት እንኳ ወር አልፎታል።»

«ታዲያ ሞተር ዘይት ይወልዳል እንዴ?»

በሁለት ጣቷ አሸችው። ቀጥኗል። ሚጣም እንድታሸተው አስጠጋችላት፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣለች። ጥቁሩ ዘይት መሃል ላይ ቀረ፣ ዙሪያውን ግን ፈዛዛ ቀለበት ቀስ እያለ ሰፋ።

«ይኸውልህ ሌባህ። ናፍጣውን የሚገፋው ፓምፕ ጎሚኒው፣ ናፍጣውን ከዘይቱ የሚለየው ላስቲክ፣ አልቋል። የሚያፈሰው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ዘይቱ ላይ ነው። እንዲህ እየነዳኸው ብትቀጥል ዘይቱ ውሃ ሆኖ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ይልብህ ነበር። ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ቢሆንስ?»

አባቷ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ደግሞ ያንን ልጅ...»

«ግን ሚጣ ሲቀዳ አይታዋለች አላልከኝም?»

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። አባቷ ጓጉንቸሩን ያይ በነበረበት ዓይን ነው ያያት። መውጫው አጠገቧ ነበር፤ ፓምፑም ያፈሳል፣ ቀጮም ይቀዳል ብትል ማን ያጣራል? ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«አላየሁትም» አለች። «ጀሪካን ይዞ ሲያልፍ ብቻ ነው ያየሁት። ተናድጄበት ነበር።»

አባቷ ይጮኽብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። «እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው» አለ ብቻ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «በቃ፣ ደውዬ ተሳስተናል ተመለስ እለዋለሁ። ያንቺን ነገር አላነሳም።»

ሚጣ እፎይ አለች። እፎይታው ግን ስልኩ ውስጥ ቁጥሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ እንኳ አልቆየም።

«አባዬ፣ አትደውል። እኔ ልሂድ።»

የቀጮ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ስታንኳኳ እሱ ራሱ ከፈተላት። እሷን ሳይሆን ከኋላዋ መንገዱን ነው ያየው፤ ማን ተከትሏት እንደመጣ ለማወቅ። ማንም የለም።

«ደሞ ዛሬ ምን ጠፋ?» አላት፣ እጁን ከበሩ ሳያነሳ።

መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ነበር፤ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ዘይቱ፣ ሁሉም ሰው እንዴት እንደተሳሳተ። ሁሉንም ተወችው።

«ዋሽቼብህ ነው» አለችው።