ጠበል ያልሆነው ሃይላንድ

«ጠበል ነው አይደል ጓለይ? እህል አልቀመስኩም፤ አንድ ጉንጭ አፍስሺልኝ።»

እማማ ለተሚካኤል መዳፋቸውን ዘረጉ። ሜላት ሃይላንዱን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ጠበል አይደለም እማማ።»

«ተይ እንጂ! ጠበል ይነፈጋል እንዴ?»

ዘዴው የራሷ ነበር። በጠዋት ነጠላ ለብሳ፣ ሃይላንድ ይዛ ጊዮርጊስ በር የቆመችን ሴት ማን ይጠረጥራል? ጠበል የያዘ እንደሚለመን ግን ረስታ ነበር።

የያዘችው ቢጠጡት መርዝ ነው። የእማማ ለተሚካኤል ልጅ ዶክተር ሉልሰገድ ለዓመታት የለፋበት አዮኒክ ፈሳሽ ነው። ከጨው ሐይቅ ውሃ ጋር ሲናጥ ሊቲየሙን መርጦ ይወስድና እንደ ዘይት ከላይ ይሰፍፋል። ሊቲየሙ ለመኪና ባትሪ ይሆናል።

ሜላት በአምስት ኪሎው ላቦራቶሪ የሉልሰገድ ረዳት ናት። ስሟ ግን ሜላት አይደለም። ለላኳት የደኅንነት ሰዎች «ድርጭት» ናት። ሥራዋ ፈሳሹን ለውጭ ኩባንያ ሊገዛ የሚያነፈንፈውን ደላላ ማስያዝ ነው። ደላላው የሚያምነው ሻጩ ሉልሰገድ ራሱ ከመሰለው ብቻ ነው። አለቃዋ «አባወራ» ቃል ገብቶላታል፤ ደላላው በተያዘ ዕለት የዶክተሩ ስም ከዚህ ውሸት ይጠራል።

ደላላው ሚኪያስ መጣ።

«እህትዬ፣ ዕቃው የማን ነው? ባለቤቱ ካልላከው ላጥ እላለሁ።»

ሜላት ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እማማ፣ ይግቡ፤ ቅዳሴው ሊያልቅ ነው።»

«እጠብቅሻለሁ፤ አብረን እንገባለን።»

ሚኪያስ ጀርባውን ሰጠ።

«ሉልሰገድ ነው የላከኝ» አለች ሜላት። «ዶክተሩ ራሱ ነው የሚሸጠው።»

ሃይላንዱ ከእጇ ወጣ።

ሁለት ሰዎች ከቆመ ሚኒባስ ወርደው ሚኪያስን ግራና ቀኝ ያዙት። ሃይላንዱ እጁ ላይ ነበር።

ተልዕኮው አለቀ።

እማማ ለተሚካኤል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ልጄ… ሌባ ነው?»

ቤታቸው እየሄደች ስንት ቀን ከእጃቸው ጎርሳለች። አሁን ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ቸርችል ጎዳና ላይ ደወለች።

«የዶክተሩን ስም አጥሩልኝ። አሁኑኑ።»

«አይጠራም» አለ አባወራ።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር!»

«ኩባንያው ሻጩ እሱ መሆኑን ካመነ ሌላ ደላላ ይልካል። እሱንም እንይዛለን።»

«እናቱ ሰምተዋል እኮ!»

«ይሻላል። ወሬው ይበልጥ ይታመናል።»

ስልኩ ተዘጋ።

ዳገቱን ቀና ብላ አየች። ተመልሳ እግራቸው ላይ ወድቃ «ውሸቴን ነው» ማለት ትችል ነበር። እግሯ ግን ቁልቁል ወሰዳት።

ሰኞ ዕለት ዶክተር ሉልሰገድ ከሥራ ታገደ። እናቱ ሰው ወደማያውቃቸው ሩቅ ደብር መሄድ ጀመሩ። እሷ ሌላ ስም ተሰጥቷት ወደ ድሬዳዋ ተላከች።