የጋሽ ደምሴ ጀሪካን

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ጥላ አየሁ የምትል ጎረቤት ብትመጣ «እራት ሳትበዪ ተኝተሽ ነው» ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን ስነግራችሁ ወሬ አምሮኝ እንዳይመስላችሁ፣ ተናድጄ ነው።

ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠው የሚነዱትን የወለል ማጠቢያ ማሽን እነዳለሁ፣ ከፊት በብሩሽ ያሻል፣ ከኋላ በጎማ ውሃውን ሰብስቦ ይመጣል፣ ያለፈበት ሁሉ ደረቅ መሆን አለበት። ያ ጎማ ተቀዶ ነበር። ለአለቃችን ሦስት ጊዜ ነገርኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ «ይታያል» አለኝ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ፣ አብሮኝ የሚሠራው የጽዳት ሠራተኛ፣ እኔ ባለፍኩበት እርጥብ ላይ አንሸራቶት በጭንቅላቱ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ አለቃችን ወረቀት ይዞ መጣ። «ወለሉ ደረቅ ነበር፣ ሟች መጠጥ ጠጥቶ ነበር» ይላል። ጋሽ ደምሴ እኮ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው፣ ሠርግ ቤት ጠላ ሲቀዳለት ውሃ የሚጠይቅ ሰው፣ ለሚስቱ ሰካራም ነው የሞተብሽ ሊሏት ነው። «ማሽኑን የነዳሽው አንቺ ነሽ፣ ካልፈረምሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለኝ። እስከ አሥር ሰዓት አስቢበት ብሎኝ ሄደ፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ልፈርም ነበር።

የዚያን ቀን ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ከዕቃ ክፍላችን ያገኘሁትን ጀሪካን ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ገለበጥኩ፣ በንዴት፣ ሳላይ። የመጨረሻውን ባዶውን ሳስቀምጥ እጀታው ላይ ማተብ ታስሮበታል። ጋሽ ደምሴ ለወገቡ ከአንኮበር ያመጣው ጠበል ነበር፣ ከሌላው እንዳይቀላቀል ምልክት ያደረገበት። እግዜር ይቅር ይበለኝ ብዬ ነዳሁት፣ ምን ላድርግ።

ጎማው ተቀይሯል፣ ሰው ከሞተ በኋላማ ማን ይቸገራል፣ ወለሉም ከኋላዬ ደርቆ ይቀራል። ጋሽ ደምሴ የወደቀበት ስደርስ ግን የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ፣ ጉርጉር፣ ጉርጉር፣ የጠማው ሰው ሲጠጣ ዓይነት። ዞሬ ሳይ እርጥብ ነው። ደግሜ አለፍኩበት፣ እርጥብ ነው። አምስቴ፣ ስድስቴ ተመላለስኩ። ወርጄ በእጄ ነካሁት፣ የእኛ አገር ውሃ እጅ ያደነዝዛል፣ ይሄኛው ግን ለብ ያለ ነበር፣ እመኑኝ።

አለቃችን መጣ። «እዚህ ምን ያዞርሻል? ፈረምሽ?»

«ውሃው አልደርቅ አለኝ።»

መሀሉ ላይ ቆሞ ወለሉን በጫማው ቸብ ቸብ አደረገው፣ ውሃው ሱሪው ላይ ሲፈናጠቅ አየሁ። «ደረቅ ነው እኮ፣ ምኑ ነው ውሃው?» አለኝ። የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፣ አያላግጥም፣ አይታየውም። ወደ ቢሮው ሲሄድ እርጥብ ዱካው እስከ በሩ ድረስ ተከተለው።

ወረቀቱ ላይ «ወለሉ እርጥብ ነበር፣ ጋሽ ደምሴ አይጠጣም» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ ፈርቼ ነው፣ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ይሄ ነው፣ አብሮኝ ለሠራ ሰው እውነት ለመናገር ውሃ እስኪያስፈራራኝ መጠበቄ።

በሳምንቱ ሚስቱ እትዬ ወርቄ ዕቃውን ልትወስድ መጣች። ጀሪካኑን ካስቀመጥኩበት ጥግ አሳየኋት፣ ጠበሉን ደፋሁት ብዬ ልናዘዝ አፌን ስከፍት ጎንበስ አለች፣ በአንድ እጇ አልነሳ ሲላት በሁለት እጇ አነሳችው።

«ሳትነኩት አቆያችሁልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለችኝና ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላ ተሸክማው ወጣች።