በሳቅ መካከል

ሃኒን እንዳላማው እያሳቀ ነው ልቧን የወሰደው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል እሷ እንግዳ ተቀባይ፣ እሱ አስተናጋጅ ነበሩ። እንግዳ ሲቀንስ ባንኮኒውን ደገፍ ብሎ የሥራ አስኪያጁን የአቶ አበረን አነጋገር ያስመስልላታል፤ እሷ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች።

አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ ቀረጸችው። እያያት ቀጠለ።

ቪዲዮውን ለጓደኞቿ የቴሌግራም ግሩፕ ላከችው። ክፋት አልነበራትም፤ ልትኮራበት ፈልጋ ነው። ከመካከላቸው አንዷ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ሳምንት ሳይሞላ ማርቆስ በሙሉ በአቶ አበረ ይስቅ ጀመር።

እንዳላማው ተባረረ። የሥራ ልብሱን አጣጥፎ ሲያስረክብ ሃኒ ባንኮኒው ኋላ ቆማ አየችው። ቀና ብሎ አያት፤ አንገቷን ደፋች።

ሮብ ገበያ በምትባል የገጠር ከተማ አባቱ ዘንድ መመለሱን ሰምታ በእረፍት ቀኗ ሄደች። ድንች ሲቆፍር አገኘችው።

«እንዳላማው፣ ቪዲዮውን የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የቀለድሁት ላንቺ አይደል? ሌላማ ማን ነበረ?»

«ታዲያ ለአቶ አበረ ለምን አልነገርሃቸውም?»

የእጁን አፈር አራገፈ። «‹ማን እንደቀረጸህ ንገረኝና ሥራህ ላይ ትቆያለህ› ብለውኝ ነበር። እናትሽን የምትጦሪ አንቺ ነሽ፤ እኔስ ቢቸግር የአባቴ መሬት አለ።»

«ምነው በሰደብኸኝ!» አለች እያለቀሰች።

«በልቤማ ስንቴ ሰድቤሻለሁ።»

በማግስቱ አቶ አበረ ቢሮ ገባች። «ቀርጬ የላክሁት እኔ ነኝ፤ እባክዎ እሱን ይመልሱት» አለች። እሷም ተሰናበተች፤ እሱም አልተመለሰም። ሌሎቹ ሆቴሎችም «ያቺ ቀራጯ» እያሉ በር ዘጉባት። እናቷ «ምን አነካካሽ፣ ልጄ!» እያሉ ሲያዝኑ ከረሙ።

መኸሩ ሲገባ እንዳላማው ሽማግሌ ላከ። ሃኒ እሱን ራሱን ከግቢ ውጭ አስጠርታ፣ «ሥራ ያሳጣሁህን ሴት ምን ልታደርገኝ ነው?» አለችው።

እሱም መለሰላት፣ «እንጃ! ብጠላሽ ባረፍሁ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

ዛሬ ሮብ ገበያ ሚስቱ ናት። ይዋደዳሉ። ግን ጎረቤት «አቤት፣ ባልሽ እንዴት ያለ ገበሬ ወጣው!» ባላት ቁጥር፣ «ተመስገን» ትልና ዓይኗን ከሰው ታሸሻለች።